የድልድዩ ተራ

ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያዋ ተራ የሶልያና ነበረች።

"ሶልያና!" እላለሁ ደጄ ላይ ቆሜ።

"አቤት!" ትላለች ከግቢዋ ውስጥ።

ሌላው ሰው ሲጠራ "መጣሁ" ይላል፣ ወይ እያጉረመረመ ይወጣል። እሷ ግን ይህን ያህል ዕድሜ ይዛ እንደ ተማሪ "አቤት" ካላለች አይሆንላትም። ከዚያ ዘንቢሏን አንጠልጥላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቁልቁለቱን ወደ ጨሌ ወንዝ ትወርዳለች። ድልድዩን ተሻግራ ማዶ ስትደርስ ዘወር ብላ እጇን ታነሳልኛለች። እኔም ቀጣዩን እጠራለሁ።

ሃሴት እባላለሁ። የሸክላ ሰፈር እድር ተራ ጠሪ ነኝ። በእናቴ ጊዜ እድር ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ አልነበረም። ጡሩምባ ነፊ ነበር፣ ሰው ሲሞት የሚለፍፍ። አሁን ሞቱን የሚናገረው ድምፅ ማጉያ የተገጠመለት የመንገዱ ምሰሶ ስለሆነ ለኔ የተረፈኝ በቁም ያሉትን ሰዎች ከቤት ማስወጣት ነው። ጉልበቴ ስለማይታጠፍልኝ ራሴ ብዙ አልሄድም። አፌ ግን ደህና ነው፣ ተመስገን።

ለምን ተራ እንደምንጠራ ልንገራችሁ። የጨሌ ከተማ ምክር ቤት ድምፅ መስጠት የሚባለውን ነገር ካስቀረ ቆይቷል። እጅ ማውጣት፣ ይኼ መንገድ ይሠራ፣ ያ ቧንቧ ይግባ እያሉ መጨቃጨቅ የድሮ ሰው ነገር ሆኗል። አሁን የሚቆጥረው መሬቱ ነው። መሬቱ አካሄዳችንን ያውቃል፤ ማን እንደረገጠው፣ ከየት እንደመጣ፣ የት ቆሞ የት እንደተቀመጠ ይለያል። ሰው የሚበዛበት መንገድ ይታደሳል፣ መብራት ይጨመርለታል፣ ውሃው ይበረታል። ሰው ያነሰበት ይነሣል። ሠራተኞች ይመጡና ድንጋዩን ለቅመው፣ ቧንቧውን ነቅለው፣ ምሰሶውን በመኪና ጭነው ሰው ወደበዛበት ሰፈር ይወስዱታል። ከአንዱ ያነሡትን ለሌላው ስለሚሠሩበት ምንም አይባክንም። ምክር ቤቱ በዚህ በጣም ይኮራል።

ማለዳ ማለዳ ምሰሶው ያስታውቃል። "እንደምን አደራችሁ። ትናንት በእግራችሁ ወስናችኋል። እናመሰግናለን" ይልና ምን እንደወሰንን ይነግረናል። ድምፁ ደስ ይላል፣ የሴት ድምፅ ነው፣ ተቆጥቶ አያውቅም። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ይስቅበት ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ የወፍጮ ቤቱ መንገድ ተነሣ፤ ሕፃናቱ የሚጫወቱበት ሜዳ ተነሣ፤ በሰፈራችን የሚያልፈው አውቶብስ ቀረ። ሁሉንም የወሰንነው እኛ ነን ተባለ። ያኔ ሳቁ ቆመ።

ከዚያ ወሬው ስለ ድልድዩ ሆነ።

የጨሌ ድልድይ የእግረኛ ድልድይ ነው። የብረት መደገፊያው በሰው እጅ ብዛት ለስልሶ ያብረቀርቅ ነበር። ማዶ ቤተ ክርስቲያኑና ጤና ጣቢያው አሉ። የማዶ ሰዎች ወደ እኛ የሚያመጣቸው ጉዳይ የለም፣ ሁሉ ነገር በእጃቸው ነው። እኛም ብንሆን እውነቱን ለመናገር ያለ ድልድዩ እንኖራለን። ያለ ድልድዩ የማትኖረው ሶልያና ናት። ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፣ በየሁለት ቀኑ ጤና ጣቢያው ደሟን ያጥብላታል። በድልድዩ ከሆነ ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ተሻግራ፣ ትንሽ ዳገት ወጥታ ትደርሳለች። ያለ ድልድዩ መንገዱ ገደሉን በሙሉ ዞሮ ነው፤ ጤነኛ ሰው እንኳ ጠዋት ወጥቶ ለምሳ ቢደርስ ጎበዝ ነው። ከታጠበች በኋላ ደግሞ ሶልያና እንደ ጨርቅ ነው የምትሆነው።

የእድሩ ስብሰባ ተጠራ። ሶልያና ከባሏ ከኪሩቤል ጎን አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

"ለኔ ብላችሁ እግራችሁ አይድከም" አለች። "የመጣውን እችላለሁ።"

"አንቺ ደግሞ ዝም በይ!" አልኳት። በዕድሜ ታንሰኛለች፣ እቆጣታለሁ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ያፌት ዱላቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረጉ። "እድር ለሞተ ሰው ብቻ ነው ያለው ማነው?" አሉ። "በቁም ያልደረሰ እድር ሬሳ ቢሸኝ ምን ይጠቅማል? ተራ ይውጣ። ሁሉም በየቀኑ ይሻገር።"

"እንግዲያው የመጀመሪያዋ ተራ የኔ ናት" አለች ሶልያና። "ሰው ለኔ ብሎ ሲነሳ እኔ ተኝቼ ድምፁን አልሰማም።"

ነገሩ የሚቀል መስሎን ነበር። ድልድዩ ላይ ወዲያ ወዲህ መመላለስ ግን ለካ አይረባም፣ መሬቱ ሞኝ አይደለም። አንድ ሰው በቀን አንዴ ነው የሚቆጠረው፣ ያውም ማዶ ጉዳይ ያለው ሰው ያህል ከቆየ። ስለዚህ ማዶ ጉዳይ ፈጠርን። ጋሽ ያፌት ፀጉራቸውን ማዶ መቆረጥ ጀመሩ፣ ምን ፀጉር እንዳላቸው እግዜር ይወቅ። የጎረቤቴ ልጅ ማርሲላስ በራችን ላይ ጉልት እያለ ሽንኩርቷን ማዶ ሄዳ ትገዛለች። እዚያው ማዶ ካለው ዋርካ ስር ቼዝ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች ነበሩ፣ አንዳቸውም ጨዋታውን አያውቁትም። ሽንኩርት ሻጩን ያገባችም አለች። ድልድዩም ዓመት ከዓመት ሳይነሣ ቆየ።

አንድ ደንብ ነበር፣ ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው። ሁለት ቀን ተከታትሎ ከሰፈሩ ሰው ግማሹ ያልረገጠው ድልድይ እንደተተወ ይቆጠራል።

ክረምት ሊገባ ሲል ኪሩቤል ሞተ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ የምሰሶውን ማስታወቂያ እየሰማ ነው ያለፈው። ሶልያና ሻዩን ይዛለት ስትወጣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አገኘችው። "ኪሩ፣ ይቀዘቅዝብሃል" አለችው ሁለት ጊዜ። ከዚያ ጩኸቷን ሰማን።

በማግስቱ ቀበርነው። ሰፈሩ አንድ ሰው ሳይቀር ሬሳውን ተሸክሞ በድልድዩ ተሻገረ። ከሌላ ሰፈርም ብዙ ሰው መጥቶ ነበር። ብረቱ ከእግራችን ስር ሲንቀጠቀጥ እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ በለቅሶው መሃል ደስ አለኝ። ይኼ ሁሉ እግር ለወር ይበቃናል ብዬ አሰብኩ። ከቀብር ተመልሰን ሶልያና በር ላይ መንገዱን ዘግቶ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን።

በነጋታው ማለዳ ምሰሶው ተናገረ። "እንደምን አደራችሁ። ትናንት በጨሌ ድልድይ ላይ ያልተለመደ ብዛት ያለው ሰው ታይቷል። ልዩ አጋጣሚ በመሆኑ ከቆጠራው ውጪ ሆኗል። ከዚሁ ጋር በተያያዘ የማዶ ነዋሪዎች መምጣትና መመለስም አይቆጠርም። እናመሰግናለን።"

ድንኳኑ ውስጥ የሰማውም ያልሰማውም ነበር። እኔ ሰምቻለሁ። እግዚኦ! የቀብሩ ቀን ባዶ ሆነ ማለት ነው። አንድ ባዶ ቀን አለፈ፣ ዛሬ ሁለተኛው ነው። ሰዉ ሁሉ ደግሞ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል።

ብድግ ብዬ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆምኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ማርሲላስ!" አልኩ ተራ እንደምጠራው።

ንፍሮ የምታድለዋ ሴት እጇ አየር ላይ ቀረ። ማርሲላስ ብድግ ልትል ስትል እናቷ ነጠላዋን ይዛ አስቀመጠቻት።

"ሃሴት!" አሉ ጋሽ ያፌት። እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። "ለቅሶ ቤት ተራ ይጠራል? ምን ነካሽ?"

"ዛሬ ሁለተኛው ቀን ነው ጋሽ ያፌት። የትናንቱን አልቆጠሩልንም።"

"አይቁጠሩ! የሰውዬው አፈር ሳይደርቅ ሚስቱን ብቻዋን ጥለን ሽንኩርት ልንገዛ እንሂድ? አገር ምን ይለናል?"

"እኔም እኮ ለሷው ብዬ ነው!"

"ለሷ ብለሽ ከሆነ እሷን ጠይቂያት" አሉኝ።

ሁሉም ወደ ሶልያና ዞረ። ፍራሹ ላይ ጥቁር ለብሳ ተኮራምታለች፣ ዓይኗ አብጦ ሊገጥም ምንም አልቀረው። ነገሩ ገብቷታል። ከሁላችንም ይልቅ እሷ ነበረች ደንቡን የምታውቀው።

"ተያቸው ሃሴትዬ" አለች። "ዛሬን እንኳ አብረውኝ ይቀመጡ። ሰው ተነሥቶ ከሄደ ኪሩ ብቻውን የሞተ ይመስለኛል።"

ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ግን መቀመጡ እሾህ ሆነብኝ። ዱላዬን ይዤ በድንኳኑ ጀርባ ሹልክ አልኩና ቁልቁለቱን ወረድኩ። ጉልበቴ በእያንዳንዱ እርምጃ ይጮኻል። ተሻገርኩ፣ ማዶ ዋርካው ስር ጉዳይ እንዳለው ሰው ተቀመጥኩ፣ ተመለስኩ። መንገድ ላይ አንድም የሰፈራችን ሰው አላገኘሁም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ለሣልስት ወደ ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ስንዘጋጅ፣ ምሰሶው ተናገረ።

"እንደምን አደራችሁ። ትናንት በጨሌ ድልድይ አንድ ሰው ተሻግሯል። ድልድዩ እንዲነሣ ወስናችኋል። በአንጻሩ የሸክላ ሰፈር ነዋሪ በሙሉ በወይዘሮ ሶልያና በር ላይ መቀመጥን መርጧል። ለዚህ ፍላጎታችሁ ምላሽ ከድልድዩ ብረት መቀመጫ ያለው መጠለያ ይሠራላችኋል። እናመሰግናለን።"

ወደ ወንዙ ስንደርስ ገመድ ተወጥሮ ሠራተኞች ወለሉን እየነቀሉ ነበር። ትሑት ልጆች ናቸው። ጥቁር የለበሰ ሰው ሲያዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው "ነፍስ ይማር" አሉን። ከዚያ ሥራቸውን ቀጠሉ። ሶልያና ገመዱን በእጇ ይዛ ማዶ ማዶውን አየች። የባሏ መቃብር ከዚያ ይታያል።

ጋሽ ያፌትና እኔ አቤት ልንል ምክር ቤት ሄድን። ገደሉን ዞረን፣ በየድንጋዩ እያረፍን፣ ከሰዓት ደረስን። አዳራሹ ያምራል። ድሮ ልጅ ሆኜ አባቴን ተከትዬ ስገባ ሰው እዚያ ውስጥ ሲጮህ፣ ጠረጴዛ ሲመታ፣ አንዱ አንዱን "ተቀመጥ!" ሲለው አስታውሳለሁ። አሁን የምክር ቤቱ አባላት ክብ ሠርተው ተቀምጠው ግድግዳው ላይ የሚያልፈውን የከተማውን እግር ዝም ብለው ያያሉ። የሚተነፍስ የለም። ያስተናገደን ኢዮስያስ የሚባል ወጣት ሹም ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠን፣ ውሃ ሰጠን።

"እናቴ፣ እኛ እኮ አንወስንም" አለኝ። "የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።"

"ለቅሶ ላይ ነበርን ልጄ።"

"ይገባኛል። እኔም ባለፈው ዓመት አባቴን ቀብሬያለሁ። ግን መሬቱ ያየው ሌላ ነው። ሰዎች አንድ ቦታ ተሰብስበዋል፣ ምግብ ይቀርባል፣ ለመሄድ የቸኮለ የለም። ደስ ብሏቸው የተቀመጡ ሰዎች ነው የሚመስሉት።"

"ታዲያ አንተ ሰው አይደለህም? እያለቀሱ ነው የተቀመጡት በለው!"

"ማንን?"

"መሬቱን!"

ዓይኑን ሰበረ። ክፉ ልጅ አልነበረም፣ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰድቤው ወጥቼ ይቀለኝ ነበር።

"የሰፈሩ ሰው ድልድዩን እንደሚፈልገው በእግሩ ካሳየ ይመለስለታል" አለ።

"የቱን ድልድይ እንርገጥ? አንሥታችሁታል እኮ!"

"እሱ ነው ችግሩ" አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሰፈሩ በሙሉ ድልድዩ የነበረበት ድረስ እየሄደ ቢቆም፣ ብዙ ቀን ሳያቋርጥ፣ ሌላ የሚቀመጥበት ቦታ ሳይመርጥ፣ ሰዉ መሻገር እንደፈለገ መሬቱ ይገባዋል ይባላል። እስካሁን ግን የሆነበት ሰፈር አላየሁም። ሰው ይሰለቻል።"

ጋሽ ያፌት ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያገላብጡታል። "ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። "ይቺ ሴት ተራ ስትጠራ ያስቆምኳት እኔ ነኝ። በኔ ይሁን፣ የሚቀጣኝም ካለ ይቅጣኝ።"

"ጥፋት የለም አባቴ" አላቸው ኢዮስያስ። "ውሳኔ ነው።"

መጠለያው ተሠራ። አይ መጠለያ! ጣሪያው ሰፊ፣ መቀመጫው ምቹ፣ ዳር ዳሩን የድልድዩ መደገፊያ ዞሮታል። ማታ ማታ ለስለስ ያለ መብራት ይበራበታል። ከሶልያና በር ፊት ለፊት ነው፣ ድንኳኑ በነበረበት ቦታ ልክ።

ወደ ወንዙ የመሄዱን ነገር ሞክረን ነበር። ጠራሁ፣ ሄዱ። ነገር ግን ክረምቱ ገብቷል፣ ቁልቁለቱ ጭቃ ነው፣ ታች ሲደርሱ የሚያዩት የደፈረሰ ውሃ ብቻ ነው። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። የኛ ግን ገደደ። መጀመሪያ አረጋውያኑ ቀሩ፣ ቀጥሎ ሕፃን ያላቸው፣ ቀጥሎ ሥራ ያላቸው። ምሰሶውም "ወደ ወንዙ የሚሄዱ ጥቂት ሰዎች ዓላማ አልታወቀም" አለ። ዝናብ ሲመጣ ሰው የት ይሂድ? መጠለያው ስር ይገባል። ገብቶ ይቀመጣል፣ ተቀምጦ ያወራል። መሬቱም ይቆጥራል።

ሶልያናን በመጀመሪያው ሰሞን ወጣቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው በዙሪያው መንገድ ያደርሷት ነበር። አንድ ቀን ዳገቱ ላይ አንዱ ተንሸራትቶ ክንዱ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ እምቢ አለች።

"በቁሜ በቃሬዛ አታመላልሱኝ" አለቻቸው። "ለዚያውስ ጊዜው ይደርሳል።"

በእግሯ መሄድ ጀመረች። ማዶ የሚያስጠጋት ዘመድ አልነበራትም፣ እድሩ ቤት ልከራይልሽ ቢላትም "ከኪሩ ቤት ወጥቼ የት እገባለሁ?" አለች። ሳይነጋ ወጥታ፣ ታጥባ፣ መሽቶ ትመለሳለች። ስትመለስ መጠለያው ስር ያለው ሰው ብድግ ይልላታል። "እንዴት ዋልሽ እትዬ ሶልያና፣ ነይ እረፊ እንጂ" ይሏታል። አርፋ አታውቅም። በመደገፊያው ላይ እጇን እያንሸራተተች ታልፍና በሯን ከፍታ ትገባለች።

"ለምን አትቀመጪም?" አልኳት አንድ ቀን።

"እኔ አንዴ ከተቀመጥኩ እንዳልነሳ ፈርቼ ነዋ" ብላ ሳቀች። "አንቺስ ለምንድነው ጠዋት የማትጠሪኝ? ዝም ስትዪ ጆሮዬ ጭር ይላል።"

"ምን ብዬ ልጥራሽ? የት ልላክሽ?"

"እንዲሁ ጥሪኝ።"

በማግስቱ ጠራኋት። "አቤት!" አለች። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር፣ ግን አለች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ጠራኋት፣ ለምንም ነገር ሳይሆን እንዲሁ።

ነሐሴ ላይ ዙሪያው መንገድ ተናደ። አንድ ቀን ከመንገድ ተመለሰች። በሁለተኛው ቀን እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት። ወጣቶቹ በግድ ቃሬዛ ላይ አድርገው ቢወጡ የተናደው ጋ ደርሰው ቆሙ። ጤና ጣቢያው በቀጥታ ቢታይ እዚያው ነው፣ ከወንዙ ማዶ፣ ነጭ ጋውን የለበሱት ሰዎች ሲወጡ ሲገቡ ይታያሉ። ማርሲላስ ከወንዙ ዳር ሆና ነጠላዋን እያውለበለበች ጮኸች። ሰዎቹም መልሰው እጃቸውን አውለበለቡላት።

በማግስቱ "ሶልያና!" ብዬ ጠራሁ። መልስ ሳይመጣ ቀረ።

ምሰሶው ማለዳውን አልሳተም። "እንደምን አደራችሁ። ወይዘሮ ሶልያና ከዛሬ ጀምሮ አይቆጠሩም። እናመሰግናለን" አለ።

የተናደውን መንገድ ሰፈሩ በአካፋ ጠርጎ ሬሳውን አሻገረ። ያኔ ቻልነው። ያን ዕለት ያየሁት የወንዶቹ ጉልበት ከጥቂት ቀን በፊት የት ነበረ እያልኩ ሳለቅስ ሰዉ ለሟቿ ብቻ የማለቅስ መስሎት ነበር። ባሏ አጠገብ ቀበርናትና ዞረን ተመለስን።

ሰፈር ስንደርስ ይዘንብ ነበር። የእድሩ ልጆች የድንኳኑን ቋሚዎች ሊያወጡ ሲሉ አንዱ "ድንኳን ምን ያደርጋል? መጠለያው አለ አይደል እንዴ?" አለ። እውነቱን ነው። በሯ ላይ ነው፣ ጣሪያ አለው፣ መቀመጫም አለው። ሰዉ እየገባ፣ ጋቢውን እያራገፈ ተቀመጠ። ሴቶቹ ንፍሮውን አስገቡ። እኔ ከውጭ ቀረሁ። እግሬ አልገባ አለኝ።

ጋሽ ያፌት ከኋላ ቀርተው ነበር፣ በዱላቸው እያዘገሙ መጡ። መጠለያው ጋ ሲደርሱ እጃቸውን መደገፊያው ላይ አሳረፉ። በሰው እጅ የለሰለሰውን ቦታ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው አንድ በአንድ አዩት።

"ተነሡ" አሉ።

ሰው አልሰማቸውም፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ ነው።

"ተነሡ እኮ ነው የምለው! በሷ ድልድይ ላይ ተቀምጣችሁ ልታለቅሱላት?"

መጀመሪያ የተነሣችው ማርሲላስ ናት። ቀጥሎ እናቷ። ክንዱ የተሰበረው ልጅ ተነሣ። ንፍሮ የምታድለዋ ሴት ሰፌዷን ይዛ ወጣች። አንድ በአንድ ወጥተው ዝናብ ላይ ቆሙ፣ መጠለያው ባዶ ቀረ። ለቅሶ ቆሞ ሲለቀስ አይቼ አላውቅም። ሕፃናቱ እንኳ ቆሙ።

"ሃሴት" አሉኝ ጋሽ ያፌት። ውሃው ከባርኔጣቸው ላይ ይወርዳል። "ተራ ጥሪ።"

"ለቅሶ ቤት ተራ ይጠራል?" አልኳቸው። ልወቅሳቸው አልነበረም። እውነት ይጠራ እንደሆነ ልሰማው ፈልጌ ነው።

"ይጠራል" አሉኝ። "ዛሬም ነገም፣ ሣልስቱም፣ አርባውም፣ ሙት ዓመቱም። መሬቱ እስኪገባው ድረስ ይጠራል። ጥሪ።"

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። የማስበው ስለ ማርሲላስ ነበር፣ ልጠራ የነበረውም እሷን ነው። አፌ ግን የለመደውን ጠራ።

"ሶልያና!"

ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፋ። አንድ ሁለት ሴቶች ስቅስቅ አሉ። እኔ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። የወጣውን ቃል ወዴት እንደምመልሰው ጠፋኝ።

"አቤት!" አሉ ጋሽ ያፌት።

ዱላቸውን ጭቃው ውስጥ እየተከሉ ቁልቁለቱን ወደ ወንዙ መውረድ ጀመሩ። እኔም ቀጣዩን ጠራሁ።